የላላው ቮላኖ

ባለፈው ሳምንት ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ከሥሩ ኳ ኳ ይል ነበር። “አንድ ነገር ላልቶብሃል” ስለው፣ ሾፌሩ “አባባ፣ ዘፈን ልክፈትልዎት?” ብሎ አሳቀኝ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ድምፅ ስሰማ ወጣትነቴ ትዝ ይለኛል።

አባቴ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ ትራክተር ነበረው። የምናስነሣው ከሞተሩ ጎን ያለውን ከባድ የብረት መንኮራኩር፣ መካኒኮች ቮላኖ የሚሉትን፣ በእጃችን አዙረን ነበር። አንድ ክረምት ቮላኖው ላላና ትራክተሩ ሲንኳኳ ሰንብቶ፣ ድምፁ ቀነሰ ስንል ጭራሽ ቆመ። አባቴም መረረው።

“ይሄን ብረት ቁራሌው ይውሰደው። አንተም ከመስቀል በኋላ ከወንድምህ ጋር መርካቶ ትገባለህ” አለኝ።

ታላቅ ወንድሜ ወልዴ ወደ አዲስ አበባ የተላከው ገና በልጅነቱ ነበር፤ መርካቶ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። እኔ ግን ዝናብ ጠግቦ የጠቆረውን የሽምብራ መሬታችንን ትቼ ጨርቅ ስለካ መዋል ፈጽሞ አልታየኝም።

“ትራክተሩ ቢነሣስ?” አልኩት አባቴን።

“ከተነሣማ ነጂ ይፈልጋል፤ ትቀራለህ።”

የመስቀል ዕለት ክትፎው ተበልቶ፣ መንደሩ ሁሉ ቅቤ ቅቤ እየሸተተ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲጠራራ እኔ ትራክተሩ ሥር ተጋድሜ ነበር። ለበዓሉ የመጣው ወልዴ አጠገቤ ቆሞ ጥቂት አየኝ። ከዚያ ነጭ ሸሚዙን አውልቆ እንሰቱ ላይ ሰቀለና “እስቲ ጠጋ በል” አለኝ።

ቮላኖውን ስናወልቀው ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። አባታችን ውስጡን በቃጫ ጠቅጥቆት ኖሯል! በእኛ አገር በቃጫ የማይታሰር ነገር የለምና ብረቱንም እንደ አጥር አይቶት ነው። ቃጫው ድምፁን ስላፈነው ሳናውቅ፣ ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ የብረት ሽብልቅ ውስጥ ለውስጥ ተበልቶ አልቋል። ከአሮጌ ብረት ቆርጠን አዲስ ሞረድን። እኔ ያዝኩ፣ ወልዴ በመዶሻ እየመታ አስገባው።

አመሻሹ ላይ ተጋግዘን ስናዞረው ሞተሩ አጉረመረመና ተነሣ። ኳኳታ የለም። አባቴ “እሰይ፣ የኔ ልጆች!” እያለ ከቤት ወጣ። እኔም ዘለልኩ።

ወልዴ እጁን እየጠረገ ቀስ ብሎ፣ “ሱቁን ላንተ ሰጥቼ እኔ ወደ ቤት ልመለስ ነበር ያሰብኩት” አለኝ።

ደነገጥኩ። “ታዲያ ጋሼ፣ ለምን ረዳኸኝ?”

“ቤቱ የናፈቀው ሰው እንዴት እንደሚያድር አውቀዋለሁ። አንተም እንድታውቀው አልፈለግኩም።”

አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። እሱ ዛሬም መርካቶ ነው፤ ለመስቀል ይመጣል፣ ይሄዳል። ሰዎች ማሳዬን እያዩ “ዕድለኛ ነህ” ይሉኛል። ነኝ። ግን ይህን ኑሮ ወንድሜም ፈልጎት ነበር።