ፀሐይ የነፋቻት ኳስ

ኳስ ክፍል የገባሁት መጥረጊያ ይዤ ነው። ሱዳን፣ ቡሪ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ ክለብ በጽዳት ተቀጠርኩ። የመጀመሪያው ቀን ሥራ አስኪያጁ ኡስታዝ ሐሰን መጋዘኑን ከፈቱና፣ "ዘይነብ፣ ኳስ ያዡ ሥራ ለቋል፤ ከዛሬ ጀምሮ ኳሶቹም ያንቺ ናቸው" አሉኝ። መንፊያ፣ መርፌና ባለ ቀስት የአየር መለኪያ አስረከቡኝ። እኔ የወሎ ልጅ፣ ሰው ቤት ልብስ ስተኩስ የኖርኩ፣ ስለ ኳስ ምን አውቄ!

መቀመጥ ደግሞ አይሆንልኝም። እጄ ሥራ ሲፈታ ይበላኛል። ስለዚህ ኳስ ሳነጥር እውል ነበር። ከትከሻዬ ላይ እለቃትና እስከ የት እንደምትመለስ በገላዬ እለካለሁ።

ጠዋት ከጉልበቴ ብዙም የማታልፍ ኳስ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ስትመታት ወገቤ ጋ ትደርሳለች። ማንም ሳይነፋት! ውስጧ ያለው አየር ሲሞቅ ቆዳውን ይገፋል፤ ላስቲኩም ይፍታታል። ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ካለፈ በኋላ ደግሞ ሜዳው ዱቄት ይለብስና ያችው ኳስ ድፍት ትላለች። ውሃ የጠጣ መሬትም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ ሙከይፍ የሚሉት የአየር ማቀዝቀዣ ባለበት መጋዘን ስሞላ ትንሽ አጎድል ነበር። የቀረውን ፀሐይ ትሞላዋለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራሁ፤ ማንም አልተናገረኝም።

ወደ ላይኛው ምድብ የሚያሳልፈው ጨዋታ ቀን የጨዋታው ኮሚሽነር መጣ። ሙከይፍ ሥር ተቀምጦ ኳሷን ለካና፣ "ይህቺ ለስላሳ ናት" አለ። ኡስታዝ አፈሩ።

"ያላ፣ ንፊ!" አሉኝ።

"ኡስታዝ፣ ውጭ ስትወጣ ትወጠራለች እኮ። ሜዳው ላይ ትለካ።"

"አንቺ ነሽ ደግሞ የምታስተምሪኝ? ኢቃማሽ በማን ደብዳቤ እንደሚታደስ ረሳሽው?"

ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ሊያልቅ ሳምንት አልቀረውም። ያለ እሱ ፖሊስ መንገድ ላይ ካገኘኝ አለቀልኝ። መንፊያውን አንስቼ ነፋኋት።

በረኛችን ኢድሪስ ነበር፤ እናቱ ያገሬ ሰው፣ አባቱ ሱዳናዊ፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባል ሰፈር ያደገ። ኻልቲ ይለኛል፣ አክስቴ ማለቱ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ረጅም ኳስ ተመታ። ኢድሪስ ሊይዛት ወጣና በደረቱ ልክ ጠበቃት። ደረቁ መሬት ላይ ነጥራ በአናቱ አለፈች። ጎል! አንድ ለዜሮ ተሸነፍን። ሕዝቡ "ሸጠን!" ብሎ ጮኸበት። ኡስታዝም እዚያው ከቡድኑ አሰናበቱት። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ ሁሉንም አየሁ።

በማግስቱ መጋዘን መጣ። "ኻልቲ፣ ኳሷ ምን ነበረባት? ወላሂ፣ እኔ በትክክል ነው የወጣሁት።"

"ምንም" አልኩት። ምነው ምላሴ በተቆረጠ!

ከዚያ በኋላ ኳሶቹን አወጣለሁ፣ መልሼ አስገባለሁ፣ የጠረግኩትን እጠርጋለሁ። ኢቃማዬ በታደሰ ማግስት ኳስና መለኪያ ይዤ በሪክሻ፣ በባጃጅ ማለቴ ነው፣ ኢድሪስ ቤት ሄድኩ። የእነሱ ሙከይፍ ፊት አቀዝቅዤ ለካኋት፤ ልክ ነበረች። ግቢው ፀሐይ ላይ አቆይቼ ስለካት ቀስቱ ወደ ላይ ወጣ። ኢድሪስ አንዴ ኳሷን አንዴ እኔን አየ።

"ያን ቀን ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር። ኡስታዝ በኢቃማዬ አስፈራሩኝ።"

"ታደሰ?"

"ታደሰ።"

"አልሐምዱሊላህ" አለና ኳሷን መለሰልኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ቀን ለኡስታዝም ለተጫዋቾቹም እውነቱን ተናገርኩ። "ይመለስ" ብለው ላኩበት። ኢድሪስ ግን ከዚያ ወዲህ በር ላይ አልቆመም።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ፦ ኳስ የሚለካው በሚጫወቱበት ፀሐይና መሬት ላይ ነው። የልኩን ስህተት ያወቀ ሰው ጨዋታው ሳይጀመር ይናገር። ከሳምንት በኋላ ቢናገር ለበረኛው አይጠቅመውም።