ቀይ የተቀባ ኩበት

በደርግ ጊዜ አቃቂ ውስጥ ማገዶ እንደ ወርቅ ተወዶ ነበር። እናቴ ከእንጨት መሰንጠቂያው የሚጣለውን ሰጋቱራ ከእበት ጋር አቡክታ፣ እንደ ኩበት ጠፍጥፋ ለክረምት አደረቀች። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ይህን ሲያይ «የሰፊው ሕዝብ የፈጠራ ውጤት!» አለና ለላብ አደሮች በዓል ኤግዚቢሽን አስጫነው። ማን እምቢ ይላል? በዓሉ ሲያልፍ ፊትና ጀርባው ቀይ ቀለም ተቀብቶ ተመለሰልን። እናቴ ቀለሙን በቢላ ልትፍቀው ብትሞክር ኩበቱ ተፈረፈረ።

ሐምሌ ሲገባ ሌላ ማገዶ ስላልነበረን እንዳለ አነደደችው። የቀለሙ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው ሳለ ያ ይሉኝታ ቢስ ሊቀመንበር ጭሱን አይቶ መጣ።

«የከርሞውን ኤግዚቢሽን ታነጂዋለሽ እንዴ?» ብሎ ጮኸባት።

እናቴ እሳቱ ላይ ውሃ ደፋችበት። የጣደችው ሽሮ ገና አልፈላም ነበር።