ለመንዳት የምታሳሳ መኪና

አምሃ መኪናዋን ተረክቦ ወደ ቤት ባመጣት ቀን ይዘንብ ነበርና፣ ሚስቱ ጸሐይወርቅ ወደ ሥራ የሄደችው በአውቶቡስ ነው።

በኢንተርኮም ነበር የጠራት። «ውረጂ፣ ነይና እያት!» ሲል ድምፁ የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ ድምፅ አይመስልም። ጸሐይወርቅ የምትሠራበትን የአረጋውያን መጦሪያ ዩኒፎርም እንደለበሰች፣ ጃንጥላዋን ይዛ ምድር ቤት ወዳለው ፓርኪንግ ወረደች። መኪናዋ ጥቁር አረንጓዴ ናት፤ ከመሬት ብዙ የማትነሳ፣ ሁለት በር ያላት፣ ከኋላ የሕፃን እግር እንኳን የማያስገባ ለይስሙላ የተሰፋ መቀመጫ ያላት። ማርሹ አጠገብ ቁጥር የተቀረጸባት ትንሽ የብረት ሳህን ተለጥፋለች። ፋብሪካው በዚያ ዓመት ልዩ ብሎ ጥቂት ብቻ ሠርቶ ነበር፤ ወደ ካናዳ የመጡት ከዚያም ያንሳሉ፤ ለዚህ ነው እያንዳንዷ ቁጥር የተሰጣት። አምሃ ሳህኗን በእጅጌው ወለወለና ሚስቱን ቀና ብሎ አያት።

«ታምራለች» አለች ጸሐይወርቅ። እውነቷን ነው። «በል አድርሰኝ እንግዲያው፤ ረፍዶብኛል።»

አምሃ ወደ ፓርኪንጉ በር ዞር ብሎ የሚወርደውን ዝናብ ተመለከተ።

«ዛሬ እንኳን ይቅርብን ጸሐይ። መንገዱ ቆሽሿል። ሻጩም ገና አዲስ ስለሆነች ተጠንቀቅላት ብሎኛል።»

ክርክር አልወደደችም። ጃንጥላዋን ዘርግታ ወደ ፌርማታው ሄደች። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1994 ጸደይ ነበር።

አምሃ አባካኝ ሰው አልነበረም። በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ከሚስቱና ከትንሿ ልጃቸው ከሊሊ ጋር በሱዳን በኩል ወጥቶ ቶሮንቶ ከገባ ጀምሮ፣ ስካርቦሮ ባለ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ቆሞ ነው ያሳለፈው። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ሰው ቤት ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም። ፍሌሚንግደን ፓርክ ያለው አፓርታማቸውም ለዓመታት ያው ነው። መኪናዋን በገዛ ሰሞን ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «ምን ነካው?» ሲል፣ መልሱን የሰጠው ለጸሐይወርቅ ብቻ ነበር።

«ከልጅነቴ ጀምሮ የለበስኩት ሌላ ሰው የለበሰውን ነው» አላት። «እዚህ ስንመጣም ካፖርቴን ቤተ ክርስቲያን ነው የሰጠኝ፤ ሶፋችን ጎረቤት ያወጣው ነው። አንድ ነገር ላይ፣ አንዴ እንኳን፣ መጀመሪያ የተቀመጥኩት እኔ ልሁን ብዬ ነው።»

ይህን ከሰማች በኋላ ስለ መኪናዋ ክፉ ላለመናገር ለራሷ ቃል ገባች። ቃሉን መጠበቅ ግን ቀላል አልሆነም።

ነገሩን ያከበደው ምክሩ ነው። ያችን መኪና የገዙ ሰዎች ማኅበር አላቸው። በበጋ እሑድ እሑድ ስካርቦሮ አንድ ቡና ቤት ደጃፍ መኪኖቻቸውን አሰልፈው ይቆማሉ፤ ኮፈኑን ከፍተው ይተያያሉ፣ ለአዲስ ገቢ ምክር ይለግሳሉ። ከሁሉ በላይ አምሃ የሚሰማው ጎርደን የሚባሉ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት መምህርን ነበር። ጎርደን ያሉትን ይዞ ይመጣና ለጸሐይወርቅ ይዘረዝርላታል፦ በላስቲክ አትሸፈንም፣ በጨርቅ ነው፤ ላስቲክ ላብ ያመጣባታል። ክረምት ሲገባ ነዳጁ እስከ አፉ ይሞላል። ጎማው ባንድ ጎን እንዳይተኛ ከመሬት ከፍ ትደረጋለች። ባትሪው ይፈታል። አይጥ ሽቦ እንዳትበላ ሳሙና ይቀመጣል። ሬዲዮኗ እንኳን ቢሆን አይቀየርም፤ እንደተሠራች ትኑር። ዋናው ነገር ግን አትነዳም። የሄደችበት መንገድ ባነሰ ቁጥር ክብሯ ይጨምራል።

«አትነዳም?» አለች ጸሐይወርቅ።

«ማለት... ትነዳለች። ግን ሲያስፈልግ ብቻ።»

ሲያስፈልግ የተባለው ጊዜ አልመጣም። የካናዳ ክረምት ግማሽ ዓመት ነው፤ በረዶ እንዲያቀልጥ የሚረጨው ጨው ከመንገድ ላይ እስኪታጠብ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይወስዳል። በጋ ሲመጣ ዝናብ አለ፤ ዝናብ ከሌለ ጠጠር የሚረጭ የጭነት መኪና አለ። አምሃ ራሱ ወደ ፋብሪካ የሚሄደው በአሮጌ ሽንጣም መኪና ነበር፤ ያቺ አሮጌ መኪና ስትሞትበት ደግሞ በአውቶቡስ ሆነ። አረንጓዴዋ ጨርቋን ለብሳ ምድር ቤት ትተኛለች።

ኤግሊንተን ዌስት በሚባለው ጎዳና ላይ፣ በጃማይካውያን ፀጉር ቤቶችና ምግብ ቤቶች መሀል ጋራዥ ያላቸው ጋሽ ዘውዴ በዚህ ነገር ደማቸው ይፈላ ነበር። አዲስ አበባም ሳሉ መካኒክ ነበሩ፤ አምሃን እንደ ታናሽ ወንድም ነው የሚያዩት።

«ታቦት ናት እንዴ ለጥምቀት ብቻ የምትወጣው?» አሉት አንድ ቀን እቤት መጥተው። «መኪና የሚገድለው መቆም ነው። ዘይቱ ይረጋል፣ ጎማው ይደርቃል። ንዳት! ሚስትህን ጫንና ናያጋራ ውሰዳት!»

«በሚቀጥለው በጋ ጋሼ» አለ አምሃ።

ጸሐይወርቅ ሻይ እየቀዳች ነበር። የቀዳችውን ስኒ ከፊቱ አስቀመጠች።

ናያጋራ ሳይሄዱ የአምሃ ዓይን መድከም ጀመረ። ስኳር እንዳለበት ካወቁ ቆይተዋል፤ እሱ ግን ስኳርን የሽማግሌ ወሬ አድርጎ ነበር የያዘው። መጀመሪያ ሻዩን ከስኒው ውጪ ቀዳ። ከዚያ ደረጃ ላይ በእግሩ መዳበስ ጀመረ። አንድ ቅዳሜ መኪናዋን ሊያሟሙቃት ብሎ ከቦታዋ ሲያወጣት ከምሰሶው ጋር አላተማት፤ በጎኗ ላይ ረጅም ጭረት ወጣ። አምሃ ሌላ ተከራይ ነው የገጨብኝ ብሎ ጮኸ። ጸሐይወርቅ ግን ምሰሶው ላይ የቀረውን አረንጓዴ ቀለም አየች። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ የዓይኑ መጋረጃ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ደምተዋል አለ፤ ኩላሊቱም ተጎድቷል። ለመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤትም ማሳወቅ ግዴታው ነበርና አሳወቀ፤ መንጃ ፈቃዱ ተወሰደ። ፋብሪካውም ማሽን ላይ ሊያቆመው አልቻለም።

ያን ጊዜ ቤቱ ጨለመ። አምሃ ከሶፋው አይነሳም። ሬዲዮ ይከፍታል፤ ምን እንደተባለ ሲጠየቅ አያውቅም። ሊሊ ከምትማርበት ከኦታዋ ትደውላለች፤ «ማሚ፣ ጀስት ሴል ኢት፤ ዝም ብለሽ ሽጫት» ትላለች ስለ መኪናዋ፤ አባቷ ስልኩን ሲቀበል ግን ስለ አየሩ ብቻ ያወራሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጸሐይወርቅ ከሥራ ስትመለስ የሕንፃው ኃላፊ፣ ሱፐር የሚሉት ሰውዬ፣ መግቢያው ላይ ጠበቃት። ፊቱ ተለዋውጧል። ባልሽ ምድር ቤት መኪናው ውስጥ ነው፣ ሞተሩ ተነስቷል፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ባንኳኳም አይከፍትም አላት። ቦርሳዋን እዚያው ጥላ ሮጠች። ፓርኪንጉ ውስጥ ጭሱ ጉሮሮ ይይዛል። አምሃ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ግድግዳው አፍጥጦ ተቀምጧል። መስኮቱን በመዳፏ ደበደበችው። ቀስ ብሎ ዞር አለና ቁልፉን አጠፋ።

«ባትሪው እንዳይሞት ነው» አላት በሩን ሲከፍት።

ጸሐይወርቅ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። የምትሰማው መልስ አስፈርቷት ነበር። ደግፋ ወደ ላይ ወሰደችው፤ ቁልፉን ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ በአንገቷ ከመስቀሏ ጋር አሰረችው።

ለጋሽ ዘውዴ ደውላ ነገረቻቸው። «ወይ ትሽጪያታለሽ፣ ወይ ትነጂያታለሽ» አሉ። «እንዲህ ቆማ ግን አንድ ነገር ታመጣለች።»

ጎርደን ሊገዟት ፈቃደኞች ነበሩ። ጸሐይወርቅ ይህን ለአምሃ ስትነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «በስምሽ አድርጌልሻለሁ፤ ያንቺ ናት፤ እንዳሻሽ» አላት። እሷ ያን ፊት አይታ መሸጥ አልሆነላትም። መንዳትን መረጠች፤ በአርባ ሰባት ዓመቷ፣ መሪ ጨብጣ የማታውቅ ሴት።

ጋሽ ዘውዴ በጋራዣቸው አሮጌ መኪና አስተማሯት። ፍሪሲዮንና ማርሽ ማስማማት ከሁሉም ባሰባት፤ እግሯ ሲለቅ እጇ ይረሳል፣ እጇ ሲያስታውስ እግሯ ይቸኩላል። ሁለት ጊዜ ወድቃ ፈተናውን አለፈች። አምሃ ይህን ሲሰማ ብዙ ጊዜ ሳያደርግ የቆየውን አደረገ፤ ከሶፋው ተነስቶ ጃኬቱን ፈለገ።

በአረንጓዴዋ መኪና ሲወጡ አጠገቧ ተቀምጦ መካሪ ሆነ። ጥላ ጥላ ነው የሚታየው፤ ጆሮው ግን ሞተሩ ውስጥ ነው። «ፍሪሲዮኑን አትርገጪው፣ ንኪው። አሁን ማርሽ ቀይሪ። አልሰማሽም እንዴ እየጮኸች?» ጸሐይወርቅ ላብ ያጠምቃታል። «አንተ ዝም በለኝ፣ መንገዱን ልይበት!» ትለዋለች። እንዲህም ሆኖ ከሶፋው ላይ ሆኖ ከሚያየው ግድግዳ ይሻላል ብላ ቻለችው።

በመከር አንድ እሑድ ስካርቦሮ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ በኤግሊንተን መጡ። ከዶን ቫሊ ሸለቆ ወደ ዶን ሚልስ በሚያወጣው አቀበት መካከል መብራት ያዛቸው። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ጸሐይወርቅ እግሯን ለቀቀች፤ ሞተሩ ጠፋ። አስነስታ ደገመች፤ መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች፤ ፍሬኑን ረግጣ ጮኸች። ከኋላ የነበረው መኪና ጡሩምባውን ለቀቀው፤ ሌሎቹም ተቀበሉት። መብራቱ ተመልሶ ቀላ። እንባዋ መጣ።

«አልችልም አምሃ። አልችልም።»

«ትችያለሽ» አለና በሩን ከፍቶ ወረደ።

«ምን እያደረግክ ነው? ግባ!»

አምሃ የመኪናዋን ጣሪያ በእጁ እየዳበሰ ወደ ኋላ ሄደ። በመስታወቱ አየችው፤ ጀርባውን ለእሷ፣ ፊቱን ለማያያቸው መኪኖች ሰጥቶ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ቆመ። በእሱና በመኪናዋ መሀል ክንድ የማይሞላ ቦታ ነው ያለው። ከተንሸራተተች የምትጨፈልቀው እሱን ነው።

«አሁን ሂጂ!» ብሎ ጮኸ። «እኔ አለሁ፣ ወደ ኋላ አትመለሺም!»

ጡሩምባው ሁሉ ዝም አለ፤ መብራቱም ዳግም አረንጓዴ ሆነ። ጸሐይወርቅ ማርያምን ጠራች። የእጅ ፍሬኑን ያዘች፣ ነዳጁን ሰጠች፣ ፍሪሲዮኑን እስኪይዝ ድረስ ለቀቀችው፤ መኪናዋ አፍንጫዋን ቀና አደረገችና ወጣች። መቆም አልደፈረችም፤ እስከ አቀበቱ ራስ ነድታ ነው ዳር የያዘችው። ከዚያ በሩን ክፍት ትታ በእግሯ ቁልቁል ሮጠች። አምሃ መንገዱ መሀል እጁን እንዳነሳ ነው፤ መኪኖች በግራና በቀኙ ያልፋሉ። ክንዱን ጨብጣ ወደ እግረኛ መንገዱ ጎተተችውና ደረቱን በቡጢ ትመታው ጀመር።

«ልትገድለኝ ነው? ወይስ ልትሞትብኝ ነው? የትኛውን ነው የፈለግከው? ንገረኝ!»

አምሃ ሳይከላከል ቆመላት። ሲደክማት፣ «አላውቅም ጸሐይ» አለ። «ስወርድ አንቺን ላግዝ ብዬ ነው። እዚያ ስቆም ግን... አላውቅም።»

ስለ ፓርኪንጉ ላልጠየቀችው ጥያቄ መልስ የመጣላት ያን ጊዜ ነው። መንገድ ዳር ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ሰው አየን አላየን አላሉም። በዚያው ሳምንት ለሐኪሙ ሁሉንም ነገረችው፤ አምሃም አጠገቧ ተቀምጦ አልካደም። የሚያነጋግረው ሰው ተፈለገለት። መድኃኒትም ጀመረ።

ክረምቱ ሲገባ ኩላሊቱ ደግሞ ደም ማጣራት ጠየቀ። ጸሐይወርቅ በበረዶም በጨውም በአረንጓዴዋ መኪና ሆስፒታል አመላለሰችው። የበረዶ ጎማ አስገባችላት። አንድ ቀን ሆስፒታሉ ደጅ ጎርደን መኪናዋን አይተው ጨው የጠገበውን ጎኗን በጓንታቸው ነኩ፤ ቆርቆሮው በዝገት አረፋ ማውጣት ጀምሯል። «ኃጢአት ነው» አሉ። ከዚያ በድጋፍ የሚመጣውን አምሃን አዩና ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ በሩንም እሳቸው ከፈቱለት።

ያሸነፋቸው ዝገቱ አልነበረም። መኪናዋ ዝቅተኛ ናት፤ ደም ሲያጣሩለት ውሎ የደከመ ሰው ከእሷ ውስጥ መውጣት አይችልም። ጸሐይወርቅ በብብቱ ይዛ ስትጎትተው አንድ ቀን ሁለቱም በረዶው ላይ ወደቁ። አምሃ ጉልበቱ ደማ። እዚያው ተቀምጦ፣ «ሽጫት በቃ» አለ። እሷ ደሙን ትጠርግለት ነበርና፣ «ሰማሽኝ? ወንበሩ ከፍ ያለ መኪና ግዢ» ብሎ ደገመ።

ጎርደን ጨው የነካትን አልፈለጓትም። የወሰዳት አንድ የማያውቁት ጎረምሳ ነው። ጋሽ ዘውዴ በምትኩ ሰፊ በር ያለው፣ ግራጫ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው መኪና ፈለጉላቸው።

አምሃ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። አንዳንድ ቀን ደህና ነው፤ ሬዲዮ ሰምቶ ይከራከራል፣ ከሊሊ ጋር በስልክ ይስቃል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጠዋት ሲነቃ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ ጸሐይወርቅም እንዲህ ያለ ቀን ሥራ ቦታ ኮል አድርጋ አልመጣም ትላለች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና ቁርሱን እስኪጠይቃት ድረስ ትጠብቃለች።