የቀፎዋ ወለል

ባሌ መኪናዋን አማን ከተማ ወዳለው ግቢያችን ያስገባት ዕለት፣ ሰው ሁሉ ጎማዋንና ሞተሯን ሲያይ እኔ ቀዳዳዋን ነው የቆጠርኩት። ጣሪያዋ ላይ ተከፍቶ የሚዘጋ አንድ አለ። ከምድጃው ሥር፣ ወለሏ ላይ ደግሞ አውራ ጣት የሚያስገቡ አራት ነበሩ። በአራቱም በኩል የግቢያችን ሣር ይታያል። ጎንበስ ብዬ እጄን ብዘረጋ ንፋሱ መዳፌን ነካኝ። ያን ጊዜውኑ ፈራሁ።

መኪና እንበላት እንጂ ቤት ነበረች። ባሌ በሹፍርና የሚሠራበት የመንገድ ሥራ ላይ የነበረ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ እየኖረባት ከሰፈር ሰፈር ይዟት ይዞር ነበር። ያኔም አሮጌ ነች። አልጋ አላት፣ የጋዝ ምድጃ አላት፣ እንደ ቁም ሣጥን በጠበበች ክፍል ውስጥ ሽንት ቤት ሳይቀር አላት። መንገዱ ሲያልቅ ፈረንጁ ወደ አገሩ ሄደ፣ ባሌም ከሥራ ተሰናበተ። ስንብቱን ይዞ እህል ይገዛል ስል እሷን ይዞ መጣ።

"ከማን ጋር ተማክረህ ነው?" አልኩት።

"ከእሷ ጋር" አለኝ፣ የመኪናዋን አፍንጫ መታ መታ እያደረገ።

ሐሳቡ እንዲህ ነበር። ቡና ሲደርስ ወደ ቴፒ እንወርዳለን። እርሻ አጠገብ ቆመን ለለቃሚዎች ሻይና ዳቦ፣ ባቄላና ሩዝ እንሸጣለን። ለቀማው ወደ ሌላ ቦታ ሲዞር እኛም ቤታችንን ይዘን እንዞራለን። የቤት ኪራይ የለ፣ የሱቅ ኪራይ የለ። ሲያወራው ያምራል። ጎረቤታችን ባለሱቁ ግን ውስጧን ዞሮ አይቶ ሲወጣ እየሳቀ ነበር።

"ሽንት ቤትና ወጥ ቤት ግድግዳ ተጋርተው? እኔ እናንተ ዘንድ ሻይ የምጠጣው የትኛው በር የማን እንደሆነ በደንብ ከጠየቅኩ በኋላ ነው።"

የሰፈሩ ልጆች ደግሞ "ቀፎ" አሏት። ነጭና ረጅም ሆና፣ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ የሚሰቀለውን የንብ ቀፎ ትመስል ነበር። ስሙ በዚያው ጸናባት። እኛም ቀፎ አልናት።

ስለ ፍርሃቴ ልናገር። ከአሁኗ ልጄ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከጅማ በአውቶቡስ ስንመጣ፣ ከፊታችን የተቀመጠ ሰውዬ መስኮት ከፈተ። ዝጋልኝ ማለት አፈርኩ። ሳምንት አልቆየም፣ ልጄን ሳንባ ምች ወሰደው። ሐኪሙ ይሄ በጀርም የሚመጣ ነው፣ ከመስኮቱ አይደለም ብሎኝ ነበር። እኔ ከሦስተኛ ክፍል ነው የቀረሁት። ጀርሙን አላየሁትም። መስኮቱን ግን አይቼዋለሁ። ያንን ሰውዬ ስንት ዓመት እንደረገምኩት እግዜር ይወቅ።

ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዝናብ ሲበረታ ደረቷ ያፏጫል። እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ያንን ፉጨት ስሰማ ነው የማድረው። ይህችን ካጣሁ ሌላ የለኝም።

ባሌ መኪናዋን ወር ሙሉ ሠራት። ሽንት ቤቱን ነቅሎ የዱቄትና የስኳር መደርደሪያ አደረገው። ጎኗን ቆርጦ ወደ ላይ የሚከፈት መስኮት አወጣላት፣ በዚያ ነው ሻይ የምንሸጠው። የሚያፈሰውን ጣሪያ በቆርቆሮና በቀለጠ ካትራሜ ደፈነው። የጋዙን ሲሊንደር ፈረንጁ ካስቀመጠበት ከውጭ አንስቶ፣ ሌባ እንዳይነካው ብሎ ከምድጃው ሥር አስገባው። አልጋዋ ለሦስት አትበቃም፣ ስለዚህ የልጄ ፍራሽ ወለሉ ላይ፣ ከምድጃው አጠገብ ሆነ። ከአራቱ ቀዳዳዎች አጠገብ ማለት ነው።

"እነዚህንም ድፈናቸው" አልኩት።

"ተያቸው። ፈረንጅ ዝም ብሎ ብረት አይበሳም።"

"ለምንድን ነው ታዲያ?"

"እንጃ። ለውሃ መውረጃ ይሆናል።"

እንጃ ያለውን ነው የያዝኩት። እሱ ጎማ ፍለጋ ሚዛን ከተማ የዋለ ቀን፣ ከጣሪያው የተረፈውን ካትራሜ አሞቅሁና ቃጫ እየነከርኩ አራቱንም ጠቀጠቅኋቸው። በዱላ እየወቀጥኩ ነው ያስገባሁት። ከላይ የፕላስቲክ ምንጣፍ አነጠፍኩበት። ማታ ሲመጣ "ወለሉ አማረበት" አለኝ። እራቱን አቀረብኩለት። ከተጋባን ጀምሮ ከደበቅሁት ነገር ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው።

ወደ ቴፒ ስንወርድ ሥራዬ ታኮ መያዝ ነበር። ፍሬኗ የሚታመን ስላልነበረ፣ ባሌ ቁልቁለት ላይ ቆም ሲል እኔ ጉማጅ እንጨቱን ይዤ ዘልዬ ከጎማው ሥር አስገባለሁ። በየመታጠፊያው ያ ታኮ ጭኔ ላይ ነው። ልጄ ከኋላ ትዘፍናለች። መስኮት እንዳትከፍቺ እላታለሁ፣ ትዘፍናለች። በሰላም ደረስን። ክፉው ነገር መንገዱ ላይ ነው ብዬ ስለነበር፣ ስንቆም አመስግኜ ታኮውን መሬት ጣልኩት።

የቆምነው ከቡና ማጠቢያው አጠገብ ነበር። ቀይ ቡና የሚፈለፈልበት ነው። ልጣጩ እንደ ተራራ ተቆልሎ በዝናብ ይበሰብሳል። የማያውቀው ሰው አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያልፈው። ኮምጣጣ፣ የበሰበሰ፣ ከእንጀራችን ጋር የምንጎርሰው ሽታ ነው። በሦስተኛው ቀን ግን ማንም አያነሳውም። ለቃሚዎቹ ሻዩን እዚያው ቆመው ይጠጣሉ፣ ይቀልዳሉ። "ሻይሽ ቡና ቡና ይላል፣ በአንድ ዋጋ ሁለት እየሸጥሽ ነው?" ይሉኝ ነበር። ገበያው ጥሩ ነበር። ባሌም ከሰዓት የማጠቢያውን ሞተር ሲጠግን ይውላል።

በሁለተኛው ሳምንት ልጄ ራሷን ያማት ጀመር።

"እማዬ፣ ይሸተኛል።"

"ልጣጩ ነው።"

"ልጣጩ አይደለም፣ እንደ ሽንኩርት ነው።"

"ልጣጩ ሲቆይ እንደዚያ ነው" አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ዝም እንድትል ያልኩት ነው።

ወባ ነው ብዬ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ደሟ ታየ፣ ወባ የለም ተባለ። ስንሄድ እግሯን እየጎተተች ነበር፣ እዚያ ወረፋ ስንጠብቅ ግን ከልጆች ጋር መሯሯጥ ጀመረች። ተመልሰን ገብታ ስትተኛ ራስ ምታቷ ተነሣባት። ይሄን በዓይኔ አየሁ። አይቼም ያሰብኩት ሌላ ነው፦ ውጭ ላብ ብሏት ነፋስ መትቷታል። መስኮቷን ጠረቀምኩ፣ ሻይ ስሸጥ ብቻ እከፍታታለሁ። የጣሪያውን ክዳን አጠበቅሁ። በሩን ስወጣ ስገባ ከኋላዬ እዘጋለሁ። ልጄን ይበልጥ ባመማት ቁጥር ይበልጥ እዘጋባታለሁ።

ከጤና ጣቢያ በተመለስን በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ዝናብ መጣ። ለቃሚዎቹ ወደ መጠለያው ሮጡ። እኔ ብርጭቆዎቹን ከቧንቧው አጥቤ ስመለስ ልጄ እንዳስተኛኋት ነበረች፣ ወለሉ ላይ፣ በጋቢ ተጠቅልላ። ጠራኋት።

"እ" አለች።

"ተነሽ ትኩስ ነገር ጠጪ።"

"እ።"

ድምጿ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስል ነበር። ትኩስ ነገር ያነቃታል አልኩ። ጀበናውን ምድጃው ላይ ጣድኩ፣ ክብሪቱን አነሳሁ። አንድ እንጨት አወጣሁ።

በሩ ተከፈተ። ከላይ ካለው መንደር ጎደሬ የምታመጣልኝ የሸኮ ሴት ነበረች። አሮጊት ናት፣ በየሦስት ቀኑ ትመጣለች፣ ለሻይ እቀይራታለሁ። ኮባ ቅጠል ራሷ ላይ ደፍታ፣ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ቆመች። አልገባችም።

"አትለኩሺ" አለች።

"ምን ሆኑ፣ እማማ?"

"ቤትሽ ይሸታል።"

"ቡናው ነው። እኛ ለምደነዋል።"

"ቡናው ከኋላዬ ነው" አለች። "ይሄ ከፊቴ ነው።"

የክብሪቱ እንጨት ጣቴ መሃል ነበር። እስከ ዛሬ ያቺን እንጨት አያታለሁ፤ ጫፏ ቀይ ነበር፣ ትንሽ የተላጠች። አሮጊቷ ጎንበስ አለችና አፍንጫዋን ወደ ወለሉ አስጠጋች፣ ከልጄ ራስ አጠገብ። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል።

"ከታች ነው። ልጅቷን አውጪ።"

ብብቷን ይዤ ጎተትኳት። ከበደችኝ፣ አንገቷ ይወድቃል። አሮጊቷ እግሯን ያዘች። ዝናቡ ላይ አወጣናት፣ ጭቃው ላይ። ያን ሁሉ ዓመት የሸሸሁት ዝናብና ንፋስ ልጄ ላይ ነው። ጋቢውን ላልብሳት ስጎትት አሮጊቷ እጄን መታችኝ።

"ተያት። ትተንፍስ።"

"ደረቷ ነው፣ ንፋስ ይመታታል፣ እማማ—"

"ትተንፍስ አልኩሽ።"

ጋቢውን ይዤ ተቀመጥኩ። ልጄ ከንፈሯ ነጭ ነበር። ዝናቡ አፏ ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ተነፈሰች፣ ከዚያ ረጅም ጊዜ ምንም የለም፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ጊዜ። ረጅሙ ጊዜ ስንት እንደነበረ አላውቅም፣ እኔ ግን በዚያ መሃል አርጅቻለሁ። ከዚያ በጎኗ ዞራ አስታወከች። አሮጊቷ ግንባሯን ይዛ "እንደሱ፣ እንደሱ" ትላታለች። ልጄ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

"እማዬ፣ እየረጠብኩ ነው" አለች፣ ቅር ብሏት።

ባሌ ጩኸት ሰምቶ ከማጠቢያው ሮጦ መጣ። መጀመሪያ ልጃችንን ዳሰሰ። ከዚያ ገባና ሲሊንደሩን ዘጋ፣ በሩንና መስኮቱን በረገደ፣ ሲወጣ የጋዙን ጎማ ይዞ ነበር። አጠፍ ሲያደርገው ስንጥቁ አፉን ከፈተ። ለቃሚዎቹ ተሰብስበዋል። አንዱ፣ ከተማ ሆቴል ቤት የሠራ ነኝ የሚል፣ "ይሄ ጋዝ ከባድ ነው፣ ወደ ላይ አይሄድም፣ ወለል ላይ ነው የሚተኛ። ከታች መውጫ ከሌለው ይጠራቀማል" አለ።

ባሌ "መውጫማ አለው" አለ። ብሎም ቆመ። ፊቱን አየሁት። ፈረንጁ ለምን እንደበሳቸው ያን ጊዜ ነው የገባው። ገብቶ ምንጣፉን ገለጠ።

"ማነው የደፈነው?"

 አማን ላይ ጣሪያውን አብሮት የሠራ ሰው ነበር፣ ያንን ሰው ሊጠረጥር ይችላል። ዝም ብል ያልፋል። ልጄ ጭኔ ላይ ናት፣ ሞቃለች፣ ትተነፍሳለች።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

 ባሌ ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም። ሲሊንደሩን ከውስጥ ያስገባው ማን እንደሆነ ያን ጊዜ እሱም አስታውሶ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ካቻቢቴውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።

"አንቺው ክፈቻቸው።"

ልጄን ለአሮጊቷ ሰጥቼ ገባሁ። ተንበርክኬ ወጋሁ። በዱላ ወቅጬ ያስገባሁት ስለሆነ እምቢ አለ። ቃጫው እየተበጣጠሰ፣ ካትራሜው ጥፍሬ ውስጥ እየገባ አንድ በአንድ አወጣኋቸው። አራተኛው ሲከፈት ከታች ጭቃውና ሣሩ ታየኝ፣ ንፋሱም ፊቴን መታኝ። አሮጊቷ በሩ ላይ ሆና ልጄን እንደታቀፈች ታየኛለች።

"እኛም ቀፎ ስንሠራ በእበት እንለስናለን፣ ብርድ እንዳይገባ" አለችኝ። "የንቧን በር ግን እንተዋለን።"

የነገረችኝ ስለ ንብ ነው። እኔ ግን ያንን ባለመስኮት ሰውዬ አስታወስኩት። ምናልባት ያኔ አውቶቡሱ ውስጥ ታፍኖ ይሆናል። ምናልባት ልጄን እሱ አልገደለውም። ይህን ሳስብ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

በማግስቱ ባሌ ከመኪናዋ ጀርባ የብረት ሳጥን በየደና ሲሊንደሩን አወጣው። አዲሱ የጋዝ ጎማ ከጅማ እስኪመጣ በከሰል፣ ውጭ ነው ያፈላነው። ልጄ ከአባቷ ጋር አልጋው ላይ ወጣች፣ ፍራሹ ላይ እኔ ወረድኩ። ራሴ ከአራቱ ቀዳዳዎች አጠገብ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ለቀማ በቀፎዋ ዞረናል። ፍሬኗ ተሠርቷል፣ መስኮቷ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ቀዳዳዎቹን የነካቸው የለም።

ፍርሃቱ ግን ለቆኝ አይደለም። አንድ ጠዋት፣ እዚያው ቴፒ፣ ዝናብ አድሮ ብርዱ በወለሉ በኩል ሽቅብ ሲመጣ፣ ልጄ ከላይ አሳለች። አንዴ ብቻ ነው። እጄ መቼ ወደ ራሴ እንደሄደ አላወቅሁም፣ ሻሼን ፈትቼ ጠቅልዬ ቀዳዳው አፍ ላይ ይዤዋለሁ። ንፋሱ ጨርቁን ከታች ይገፋዋል። እንደያዝኩት ተቀመጥኩ። ከዚያ ተነሥቼ ጆሮዬን ወደ ልጄ አፍ አስጠጋሁ። ወጣ፣ ገባ። ወጣ፣ ገባ። ፉጨት የለውም።

ሻሼን መልሼ ራሴ ላይ አሰርኩና መስኮቱን ልከፍት ሄድኩ፤ ለቃሚዎቹ ሻይ እየጠበቁ ነበር።