ለሬሳ የቆምኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ውስጥ ልጄ እየነዳች ቀብር ገጠመን። ለቀስተኞቹ መንገዱን ሲያቋርጡ ጥሩምባዋን አስጮኸችው። እንድትቆም፣ ሞተሩንም እንድታጠፋ አዘዝኳት። ከኋላችን የቆሙት ሹፌሮች ሁሉ ሲሰድቡን እሷም አኮረፈችኝ። እኔ ግን ጆሮዬ ሥር ያለው ጠባሳ በላኝ።

በደርግ ጊዜ፣ በጎረምሳነቴ፣ ከብቸና ሞጣ ለአንድ ነጋዴ ላንድሮቨር እነዳ ነበር። በዚያ መንገድ ሹፌር ትልቅ ሰው ነው፤ ጥሩምባ ስነፋ ሰውም አህያም ጥግ ይይዝልኛል። እኔ የምቆመው ለሬሳ ብቻ ነበር። ሬሳ ሲመጣ ሞተር ይጠፋል፣ ሹፌር ይወርዳል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል። እንዲህ ያላደረገ በማግስቱ በዚያ ቀዬ ባያልፍ ይሻለዋል።

በጥቅምት፣ አደይ ሊረግፍ ሲል፣ አንድ ማለዳ ታላቅ ወንድሜ አያሌው በማሳ ድንበር ጠብ ሆዱን በጥይት ተመታ። የተኮሰውን ጎረቤት ዘመዶቼ እዚያው በዱላ ጣሉት። ክንዱ ሲሰበር ሰምቼ ደስ አለኝ፤ ዛሬም አልዋሽም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ አያሌው ፀሐይ ሳትጠልቅ አዲስ አበባ ደርሶ ሆዱ ካልተቀደደ እንደማይተርፍ ነገረን፤ ውሃም ከለከለው።

ሚስቱ ዘነቡ ጭንቅላቱን ታቅፋ፣ እኔ በአቧራው እየከነፍኩ ዓባይ ድልድይ ደረስን። አያሌው ውሃውን ቁልቁል አይቶ፣ "የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እኔ ነኝ" አለ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። አላጠጣሁትም።

አዲስ አበባ፣ ጎጃም በረንዳ ስንደርስ ጥሩምባዬን የሚሰማ ጠፋ። አንድ ታክሲ ፊቴ ገባብኝ፤ ገጨሁት። ሹፌሩ በመስኮት እጁን ሰዶ በቡጢ አፌን ሲለኝ፣ በክሪክ ብረት ክንዱን መትቼው አለፍኩ። ደሜን እየዋጥኩ፣ ከተማ በጉልበት ነው ለካ አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለ ፍርሃት ነዳሁ። ጋሪ ገለበጥኩ፣ የሰው መስተዋት ሰበርኩ። ሆስፒታሉ ሊደረስ ትንሽ ሲቀረው ለቅሶ ሰማን።

"ሬሳ ነው?" አለ አያሌው።

እንዳንዘገይ ፈርቼ እንደማልቆም ነገርኩት።

"ቁም፤ ውረድ። አንተ ካልወረድክለት ለእኔስ ማን ይወርዳል?"

ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ፤ ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ከኋላዬ ወታደሮች የጫነ መኪና ነበር። ምን እንደማደርግ ጠየቁኝ። ሬሳው እስኪያልፍ ነው ስላቸው፣ አንዱ በሰደፍ ጆሮዬ ሥር አለኝ። ወድቄ ረጋገጡኝ። ዘነቡ ብትጮህም የሚሰማት አልነበረም። የይለፍ ወረቀት እያሉ ሲያንገላቱኝ ግማሽ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ አንዱ ወደ ላንድሮቨሩ ውስጥ ተመልክቶ፣ የአያሌውን ደም ሲያይ ለቀቁን።

አያሌው ሆስፒታሉ በር ላይ ሞተ። ሐኪሙ ጥቂት ብትቀድሙ ኖሮ አለኝ። ላንቀው ተነሥቼ ዘነቡ ያዘችኝ።

በማግስቱ ሬሳውን ይዤ ተመለስኩ። ከደጀን እስከ ብቸና የገጠመኝ የጭነት መኪና ሁሉ ዳር ያዘ፤ ሹፌሮቹም እየወረዱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት ያኔ ነው።

ይህን ሁሉ ባለፈው ሳምንት፣ ቀብሩ የገጠመን ዕለት ማታ፣ ለልጄ ነገርኳት። "እርስዎ ባይቆሙ ኖሮ ይድን ነበር?" አለችኝ።

"ይድን ነበር።"

"ታዲያ አባባ፣ ዛሬም ለምን ያስቆሙኛል?"

"ቁም ያለኝ እሱ ነው" አልኳት። "እስካሁን ሂድ ያለኝ የለም።"