የዘይቱን ሽታ

ቦሳ ኪቶ ሰፈር ካለው የኪራይ ክፍሌ ፖሊሶች የወሰዱኝ ለባዮኬሚስትሪ ፈተና ሳጠና ነው። በተማሪዎች ሰልፍ ላይ ታይተሃል ተባልኩ። ያስገቡኝ ድሮ የቡና መጋዘን የነበረ፣ ገና ጆንያ ጆንያ የሚሸት ክፍል ነበር። ደብተር ስላልነበረኝ፣ ያጠናሁት እንዳይጠፋብኝ ግድግዳ ተደግፌ እንደ ዳዊት ደጋሚ "ግሉኮስ፣ ፓይሩቬት፣ አሴታይል ኮ-ኤ" እያልኩ አነበንባለሁ። ትምህርቴ በጣም ይናፍቀኝ ነበር።

"ዶክተር፣ ዛሬስ ለማን ነው የምትጸልየው?" ይሉኛል እስረኞቹ።

ከቤት የመጣ ምግብ ሁሉ ለካቦው፣ ለእስረኞቹ አለቃ፣ ተሰጥቶ ለሁሉም ይካፈላል። መደበቅ ትልቅ ነውር ነው። አንድ ጠዋት ካቦው፣ የአጋሮ ሰው ነው፣ አየሩን ማሽተት ጀመረ።

"የዘይቱን ፍሬ ይሸተኛል። ማነው የደበቀው?"

ለሁላችንም ሸተተን። ፍሬ ካየን ቆይተናል፤ ምራቃችንን ዋጥን። ሽታው የሚመጣው ከትናንት ወዲያ ከገቡት የሄርማታ ገበያ ነጋዴ፣ ከሽማግሌው ጥግ ነበር።

"አባባ፣ ማሎ፣ እባክዎ ያውጡት" አለ ካቦው።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አራገፉ። ከመቁጠሪያ በቀር የወደቀ ነገር የለም። ጠጋ ስል ያለከልካሉ፤ ሽታው ከትንፋሻቸው ነው።

"ስኳር አለብዎት?"

"አለብኝ ልጄ። መርፌዬን በር ላይ ወሰዱብኝ።"

በሩን ደበደብኩ። "ኪቶን ነው! ኢንሱሊን ካላገኙ ይሞታሉ!"

"በሰው ቋንቋ ተናገር" አለ ፖሊሱ።

"ስኳሩ ደማቸው ውስጥ ሞልቷል፤ ሰውነታቸው ግን ሊጠቀምበት አልቻለም። ተርቦ የገዛ ስቡን እያነደደ ነው። ጭሱ ነው የሚመርዛቸው።"

"አለቃዬ ሲመጣ ይታያል" ብሎ ሄደ።

ምሳ ሲገባ ካቦው ሳህኑን ወደ በሩ መልሶ ገፋው። "እሳቸው ሐኪም ቤት ካልሄዱ አንበላም።" ርሃባችንን እግዜር ያውቀዋል፤ ግን ማንም እጁን አልዘረጋም። በመጨረሻ የፖሊሶቹ አለቃ መጣ፤ መኪና ታዘዘ።

ተሸክመን እናውጣዎ ስንላቸው በእግሬ ነው አሉ። ካቦው ተንበርክኮ ጫማቸውን አጠለቀላቸው።

"አፉ በሉኝ፣ አባባ፤ በከንቱ ጠረጠርኩዎ።"

"አፉ ብያለሁ" አሉ፣ እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው። "ባትፈትሸኝ ማን ያሸተኝ ነበር?"

ይዳኑ አይዳኑ ሳልሰማ ወደ ሌላ እስር ቤት ተዛወርኩ። ስፈታ ትምህርቴን ጨረስኩ፤ ዛሬ ሐኪም ነኝ። የስኳር ታማሚ ሽማግሌ በገባ ቁጥር ከካርዱ በፊት ፊቱን አያለሁ። የእኚያን አባባ ዕድሜ ሳሰላ በሕይወት ሊኖሩ እንደማይችሉ አውቃለሁ። ቢሆንም በሩ ሲከፈት ቀና እላለሁ።