ድምፅ የተገጠመለት መኪና

ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ፣ ሙርዋይክ የሚባል ሰፈር፣ እኔ ከምኖርበት ፎቅ ሥር አዲስ ጎረቤት ገብቷል። መኪናው ቀይ ነው፤ አፍንጫው ሰፊ፣ ወገቡ ዝቅ ያለ፣ ማስል ካር ከሚሏቸው ከአሜሪካ ጡንቸኛ መኪኖች ወገን። ነዳጅ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። ማለዳ ሲያስነሳው ግን ያጓራል። ጉርምርምታው ከሞተር ሳይሆን ከኋላ ከተደበቀ ድምፅ ማጉያ ነው የሚወጣው። ዝናብ ባራሰው አስፋልት ላይ ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እግሬ ይያዛል፤ ተቀጥሬ የምንከባከባቸው አሮጊት ቁርሳቸውን እየጠበቁ መሆኑን እያወቅሁ ትራሙ ጥሎኝ ይሄዳል።

አባቴ ይህን መኪና ከብዙ ሰው በፊት ሰምቶታል። እኔም አብሬው ነበርኩ። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር።

አባቴ አዲስ አበባ ሳለ መካኒክ ነበር። እዚህ ከመጣ በኋላ ትራም ያጸዳ ጀመር፤ ጆሮው ግን ከጋራዥ ወጥቶ አያውቅም። መኪና በመስኮታችን ሥር ሲያልፍ ቀና ሳይል "ሦስተኛው ካንዴላ አይተኩስም" ይላል። ከጆሮው የባሰው ደግሞ አፉ ነበር። የፈለጋችሁትን መኪና ድምፅ በአፉ ያወጣላችኋል። ልጅ ሳለሁ ወጥ ቤት ቁጭ ብለን ቮልስን፣ ላንድሮቨርን፣ ዳገት ላይ የሚያቃስተውን የጭነት መኪና፣ ትሬንታ ኳትሮን እያስመሰለ "ይሄስ?" ይለኛል። ባለ ስምንት ሲሊንደሩን የአሜሪካ መኪና ሲያመጣው መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች የሚንቀጠቀጡ ይመስለኝ ነበር። ምናልባት አልተንቀጠቀጡም ይሆናል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው መኪና ማቆሚያ አራት ወንዶች ቦኔት ከፍተው ይቆማሉ፤ አባቴ፣ አንድ ታክሲ ነጂ፣ አንድ ትራም ነጂ፣ ከአምስተርዳም ከቢልመር የሚመጣ አንድ ዲያቆን። እናቴ "የቦኔት ማኅበር" ብላ ስም አውጥታላቸው ነበር። "ማኅበርተኞች፣ ጸሎቱ አላለቀም ወይ?" ብላ ከሩቅ ትጣራለች። በዚያ ማኅበር የመጨረሻው ፍርድ የአባቴ ነበር። ተከራክረው፣ ተሰዳድበው፣ ሲደክማቸው ወደ እሱ ይዞራሉ፤ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ሞተሩን ያዳምጥና ይፈርዳል። ይግባኝ የለም።

ከዚያ ጉሮሮውን ያመው ጀመር። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አለ፤ ከርሞ ሌላ ሆነ። ሮተርዳም ሆስፒታል ማንቁርቱን አወጡለት። አንገቱ ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ ቀረለትና የጢም መላጫ የምታክል መሣሪያ ሰጡት። አንገቱ ላይ ትክክለኛዋን ቦታ ፈልጎ ሲጫናት ትነዝራለች፤ አፉን ሲያንቀሳቅስ ንዝረቱ ቃል ይሆናል። ከፍ ማለት ዝቅ ማለት የሌለው ደረቅ ድምፅ ነው። ቢቆጣም ቢያባብልም ያው አንድ ነው።

ንግግር የምታለማምደው፣ እዚህ ሎጎፔዲስት የምትባለዋ፣ ወጣት ሆላንዳዊት ነበረች። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። በሆላንድኛ ብዙም አልተቸገረም፤ በአማርኛ ግን ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ እምቢ አሉት። እነዚህ ፊደላት ከጉሮሮ ተፈናጥረው የሚወጡ ናቸው፤ የሚያፈናጥራቸው አካል ደግሞ የለም። "ጠጣሁ" ሲል "ተታሁ" ይሆንበታል። እኔን ሲያቆላምጠኝ "ቀበጥ" ነበር የሚለኝ፤ "ከበት" ሆኜ ቀረሁ። "ድምፅ" የሚለው ቃል ራሱ እንኳ "ድምስ" እየሆነ ነበር የሚወጣው። ለሎጎፔዲስቷ ላስረዳት ሞከርኩ፤ እሷ ሰሌዳ ላይ ግን እንዲህ ዓይነት ፊደል የለም።

"ያለ እነሱ መናገር አይቻልም?" ብላ ጠየቀችኝ።

ሳቄ መጣ። አባቴ ግን አልሳቀም። ጥያቄውን የምሩን ይዞት ወደ ቤት ሄደ።

ደብተር ገዛ። በአንድ ወገን የማይወጡለትን ቃላት፣ በሌላው ወገን የሚተኳቸውን ደረደረ። ለጠዋት ማለዳ፣ ለጥሩ ደህና፣ ለቆንጆ ያማረ። ለቀይ ምትክ አጥቶ ሦስት ቀን ከርሞ "ደም የመሰለ" ብሎ ጻፈ፤ በጣም ደስ ብሎት ለእናቴ አሳያት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ይለማመዳል። በበሩ ሥር፣ ንብ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ይመስል፣ ያ ንዝረት ይሰማል። እኔ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደርገዋለሁ።

ሎጎፔዲስቷ አስጠንቅቃን ነበር። "ከቤት ውጪ፣ ከጓደኞቹ ጋር ካልተጠቀመበት ይተወዋል፤ አንዴ ከተወው አይመለስበትም" ብላኝ ተረጎምኩለት። አባቴ ገብቶታል። ሆኖም ከእኔና ከእናቴ በቀር ማንም ፊት አውጥቷት አያውቅም። እሑድ እሑድ ከቦኔቱ አጠገብ ይቆማል፤ ጓደኞቹም እንዳይከብደው ብለው ምንም አይጠይቁትም። ያ አለመጠየቃቸው እንዴት አድርጎ እንደሚጎዳው የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

የአዲሱ መኪና ወሬ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የማኅበሩ ዋትሳፕ ታመሰ። ታክሲ ነጂው በድምፅ መልእክት፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው፣ "ፍሪጅ ላይ ጎማ ገጥመው ማስል ካር ነው ይሉናል?" አለ። ዲያቆኑ "የባለ ስምንት ሲሊንደሩን የቪ ኤይትን ተዝካር መቼ እናውጣ?" ብሎ ጻፈ። ትራም ነጂው ደግሞ "እኔ ቀኑን ሙሉ ኤሌክትሪክ ነው የምነዳው፤ ለዚህ ለዚህማ ትራሜ አለችልኝ" አለ። ድምፁ ከማጉያ እንደሚወጣ ሲሰሙማ ጉድ ፈላ። "በፕሌይባክ የሚዘፍን መኪና!" ተባለ። አባቴ መልእክቶቹን ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ደጋግሞ ሰማቸው። ከዚያ ሁለት ቃል ጻፈ፤ "ሄደን እንስማው።"

ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ከአውራ ጣት ምልክት በቀር ምንም ልኮ ስለማያውቅ ሁሉም ወዲያው እሺ አሉ።

ቅዳሜ ዕለት ጃኬቱን በብሩሽ አጸዳ፤ መሣሪያዋን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። በር ላይ ስንደርስ መልሶ አወጣትና አንገቱ ላይ አድርጎ "ዛሬ አወራለሁ" አለኝ። ቀ የለበት፣ ጠ የለበት፣ ጥርት ብሎ ወጣ።

ሮተርዳም የመኪና ትርኢቱ አዳራሽ አዲስ ጎማና ሰም ይሸት ነበር። መኪናው መድረክ ላይ ነው፤ መብራቱ ከላይ ሲወርድበት ቀዩ ቀለም እርጥብ ይመስላል። አስተዋዋቂው አንድ ነገር ሲነካ አጓራ። ወለሉ ከእግራችን ሥር ነዘረ። ወጣቶቹ ስልካቸውን ደቅነው ጮኹ፤ አንድ ሸምገል ያለ ሆላንዳዊ ፊቱን አጨማዶ ጀርባውን ሰጠ። የእኛዎቹም ጀመሩ።

"ይሄ ስድብ ነው!" አለ ታክሲ ነጂው።

"ውሸቱን ቢሆንም ደረት ይመታል እኮ" አለ ዲያቆኑ።

"ሬዲዮም ደረት ይመታል!"

እንዲህ ሲባባሉ ቆዩና እንደ ድሮው፣ ሳያስቡት፣ ወደ አባቴ ዞሩ። "እስቲ አንተ ፍረድ" አለው ታክሲ ነጂው። "ይሄ ድምፅ ነው?"

አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ነበር። ገለጠና እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ ዛሬም አልረሳውም፤ ጠየቁት እኮ። ከአጠገባችን ግን በእኔ ዕድሜ ያሉ ልጆች ስልክ ደቅነው ቆመዋል፤ አንደኛዋ የትምህርት ቤቴ ልጅ ናት፤ አይታኛለች። መሣሪያዋ ወደ አንገቱ ስትጠጋ፣ ያ ንዝረት እዚያ መሃል ሊሰማ መሆኑን አሰብኩ። በአባቴ አፈርኩ። ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ሌላ ስም የለውም። ቀድሜው ተናገርኩ።

"ይሄማ ድምፅ አይባልም! በማሽን ከሚያጓራ ዝም ቢል አይሻለውም?"

ትራም ነጂው ሳቀ። ታክሲ ነጂው "ጎበዝ!" ብሎ ጀመረና መሃል ላይ ተወው። ዲያቆኑ መሬት መሬት አየ። አባቴ መሣሪያዋን ከአንገቱ አወረዳት፤ አልቸኮለም። ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታትና የኪሱን ቁልፍ ቆለፈ። ከዚያ ለጓደኞቹ ፈገግ አለላቸውና በአውራ ጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ፤ እሷ እንዳለችው ነው እንደ ማለት።

ባለፈው ሳምንት ያ ባለ ቀይ መኪና ጎረቤቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "ሰማሽው? እውነተኛ አይመስልም?" አለኝ በሆላንድኛ። ጥሩ ልጅ ነው። ያማረ ነው አልኩትና ሄድኩ።

ያን ቅዳሜ ከትርኢቱ በታክሲ ነጂው መኪና ተመለስን። ሜዳው፣ ላሞቹ፣ ግራጫው ሰማይ ያልፋሉ፤ አባቴ በመስኮት ያያል። ቤት ሲደርስ መሣሪያዋን የወጥ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ፣ ከባትሪና ከክብሪት ጋር አስቀመጣት። እናቴ "ምን ሆኖ ነው?" ስትለኝ "ደክሞት ነው" አልኳት። የሎጎፔዲስቷ ቀጠሮ ሲደርስ "አልሄድም" ብሎ ጻፈልኝ፤ እኔም ደውዬ አባቴ ደህና ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል አልኳት። እሑድ ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ ቤት ይመጣ ጀመር። ታክሲ ነጂው ሁለት ጊዜ ሊጠይቀው መጥቶ ሁለቱ ቴሌቪዥን ሲያዩ ዋሉ።

ከዚያ ወዲህ ንግግሩ ሁሉ ወረቀት ላይ ሆነ። ወረቀት ላይ ቀ እና ጠ አልጠፉበትም፤ "ቀበጥ፣ በልተሻል?" ብሎ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፎልኝ ይሄዳል። አንድ ቀን ከሥሩ "ያኔ አዳራሹ ውስጥ ስላልኩት ይቅርታ አድርግልኝ" ብዬ ጻፍኩ። በአፌ ማለት አቅቶኝ ነው። ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው ላይ አነሣው። ከዚያ "ስለ መኪናው ነው ያልሽው" ብሎ ጻፈና አጥፎ ሰጠኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከቀዶ ጥገናው በሁለተኛው ዓመት በሽታው ተመለሰ። በዚህ ጊዜ የተኛው እዚሁ ዴን ሃግ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ የእጅ ማጽጃ የሚሸት ክፍል ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ነጭ ብርሃን አልጋው ላይ ይተኛል። ብዕር መያዝ ካቃተው ቀናት አልፈዋል። አንድ ቀን እኔና እሱ ብቻችንን ሳለን ጣቱን እንደምንም አንሥቶ አንገቱን ነካ። ገባኝ። ሮጬ ወጥቼ በትራም ሙርዋይክ ቤታችን ድረስ ሄድኩ፤ መሳቢያውን ገለባበጥኩ፤ አዲስ ባትሪ ከትቼ ተመለስኩ።

አንገቱ ላይ አድርጌ ስጫናት ነዘረች። አባቴ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልመጣም። ትንሽ ወደ ጎን አደረግኳት። ወደ ታች። ትክክለኛዋን ቦታ ሁልጊዜ ራሱ ነበር የሚያገኛት፤ እኔ አንድም ቀን የት እንደሆነች ጠይቄው አላውቅም። ክፍሉ በንዝረት ተሞላ፤ የአባቴ ከንፈር ይገጥማል፣ ይከፈታል። ጆሮዬን አፉ ላይ ለጠፍኩ። ምንም።

"እሺ፣ አባዬ" አልኩት፤ የሰማሁ መስዬ።

አልሰማሽም እንደ ማለት ራሱን በቀስታ ወዘወዘና ሊለኝ የፈለገውን ከመጀመሪያው ጀመረ።